የመማር ችግር ላለባቸው ወጣቶች የሙያ ሥልጠናን ማመቻቸት፦ በጅማ ለሚሠሩ አሠልጣኞችና የወርክሾፕ ባለቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ መመሪያ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ በእንጨት ሥራ፣ በልብስ ስፌት፣ በቡና ዝግጅት፣ በምግብ ሥራና በመሳሰሉት ሙያዎች ለሚያሠለጥኑ ሰዎች የተጻፈ ነው። በኮሌጅ የሚያስተምር አሠልጣኝም ሆነ በራሱ ቤት ሁለት ሦስት ልጆችን ይዞ የሚሠራ አናጺ፣ ማንበብ የሚቸግረው፣ የተነገረውን ቶሎ የሚረሳ ወይም ቁጥር የሚምታታበት ወጣት አንድ ቀን ይገጥመዋል። ብዙውን ጊዜ ይህ ወጣት በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ሥልጠናውን አቋርጦ ይቀራል፤ የሚቀረውም መጋዝ መያዝ አቅቶት ሳይሆን ማስታወሻ መያዝ፣ በፍጥነት የሚነገረውን ማብራሪያ መከታተልና በወረቀት መፈተን አቅቶት ነው። በእንጨት ሥራ ሳሠለጥን ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች በአብዛኛው ከዚሁ ሙያ የተወሰዱ ናቸው።

በአንድ ስም የምንጠራው ችግር በውስጡ የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። አንዳንዱ ሰው የማሰብና የመረዳት አቅሙ የተሟላ ሆኖ ሳለ ፊደል ማንበብና መጻፍ ብቻ ወይም ሒሳብ ብቻ ይከብደዋል፤ የማንበቡ ችግር ዲስሌክሲያ ይባላል። ሌላው ደግሞ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስላለበት አዲስ ነገርን ለመረዳት፣ ለማስታወስና በራሱ ለመወሰን ከሌላው ሰው የበለጠ ጊዜና እገዛ ይፈልጋል። ለመጀመሪያው ጽሑፉን በድምፅና በሥዕል መተካት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ ለሁለተኛው ግን ሥራው ራሱ ተበትኖ በትንሽ በትንሹ መቅረብ አለበት። ሁለቱንም «ዘገምተኛ» ብሎ መጥራት ሰውን ከማቁሰሉም በላይ አሠልጣኙ ምን ማስተካከል እንዳለበት እንዳያይ ያደርገዋልና ቃሉ ከወርክሾፑ ጨርሶ ይውጣ።

1. ከምዝገባ በፊት ሰውየውን ይወቁ

የመጀመሪያውን ውይይት ከወጣቱ ጋር ያድርጉ፤ ወላጆቹ አጠገቡ ቢኖሩም ጥያቄው ለእሱ ይቅረብ። እናት ወይም አባት ቀድመው ከመለሱ በትሕትና ካዳመጡ በኋላ ያንኑ ጥያቄ መልሰው ለወጣቱ ያቅርቡለትና ዝም ብለው ይጠብቁ። ቤት ውስጥ ምን ምን እንደሚሠራ ይጠይቁት። ውኃ የሚቀዳ፣ ከብት የሚያግድ፣ ቡና የሚለቅም ወይም ለእናቱ ሽሮ የሚያስፈጭ ልጅ ቅደም ተከተል ያለው ሥራ መሥራት እንደሚችል በተግባር አሳይቷል።

ቀጥሎ ዓይኑና ጆሮው መታየታቸውን ያረጋግጡ። «አይገባውም» ከሚባሉት ልጆች መካከል በትክክል የማይሰሙ ወይም በቅርብ ያለውን አጥርተው የማያዩ አሉ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ሕክምና ስለሚሰጥ ቤተሰቡ ሥልጠናው ሳይጀመር ልጁን እንዲያስመረምረው ይምከሩ። የሚጥል በሽታ ካለበትና መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ይህ ልጁን ለመከልከል ሳይሆን በየትኛው ማሽን አጠገብ ማን አብሮት እንደሚቆም ለመወሰን የሚያስፈልግ መረጃ ነው።

የመግቢያ ፈተና ካለዎት በጽሑፍ የሚሰጠውን በሥራ ይተኩት። አሥር ሚስማር በአንድ ጣውላ ላይ ምልክት በተደረገባቸው ቦታዎች እንዲመታ ይስጡት፣ አንድ ጊዜ ያሳዩት፣ ከዚያም ይመልከቱት። በመጀመሪያው ሚስማር ላይ የሠራውን ስሕተት በአምስተኛው ላይ ካረመው፣ ይህ ሰው እንደሚማር ከማንኛውም ወረቀት ይልቅ ያ ሚስማር ይነግርዎታል።

2. ሙያውን ራሱ ቀምሶ ይምረጥ

ጅማ በዚህ በኩል ዕድለኛ ከተማ ናት። የጅማ በርጩማና የእንጨት ዕቃ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን ቡናውም ከጀንፈል (ከነቅርፊቱ ከደረቀው ቡና) አንሥቶ እስከ መቁላትና ማፍላት ድረስ በርካታ የእጅ ሥራዎችን ይፈጥራል። ይሁን እንጂ «ለእሱ ቀላሉ ይሻለዋል» እየተባለ ሁሉም ወደ አንድ ሥራ፣ ብዙውን ጊዜም ወደ መጥረግና መሸከም ይገፋል። ይህን አይፍቀዱ። ወጣቱ በሁለት ወይም በሦስት ሙያዎች ለየሦስት ቀን ይቀመጥና ይሞክር፤ የሙያውን ስም ብቻ ጠርቶ «የትኛውን ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ አይቶት ለማያውቅ ሰው ትርጉም የለውም። በሙከራው ጊዜ ሳይነገረው የሚመለስበትን ሥራ፣ ጩኸትና አቧራ ሲበዛ የሚያሳየውን ጠባይ፣ እንዲሁም ሲደክመው ምን እንደሚያደርግ ይመዝግቡ።

3. ሥራውን ይበትኑት

የሥልጠናው ዋና ጉዳይ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ። ለብዙ ዓመት የሠራ ባለሙያ እጁ የሚያደርገውን ስለማያየው «አለስልስና ቫርኒሽ ቀባ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ከአሥር የማያንሱ ድርጊቶች አሉ። ስለዚህ አሠልጣኙ ከማስተማሩ በፊት ሥራውን ቀስ ብሎ ራሱ እየሠራ፣ ሌላ ሰው እያንዳንዱን ድርጊት እንዲጽፍለት ያድርግ።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ። ከወርክሾፓችን ሠልጣኞች አንዱ የነበረ ወጣት ከዋንዛ የተሠራ በርጩማ መቀመጫ በብርጭቆ ወረቀት እንዲያለሰልስ ተሰጠው። አሠልጣኙ «በደንብ አለስልሰው» ብሎት ሄደ። ልጁ አንድ ቀን ሁለት ደቂቃ ብቻ ፈትጎ ጨረስኩ አለ፤ በማግስቱ ደግሞ ትናንት ስለተቆጡት ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሲፈትግ ቆይቶ የመቀመጫውን ጠርዝ አሳሳው። ሁለቱንም ቀን ጥፋቱ የተቆጠረው በልጁ ላይ ነበር፤ ሆኖም «በደንብ» የሚለው ቃል ሥራው የት ላይ እንደሚያልቅ አይናገርም። በኋላ ያደረግነው ነገር ቀላል ነው። የመቀመጫውን ፊት በእርሳስ ከዳር እስከ ዳር ጫጫርነውና «እርሳሱ እስኪጠፋ ድረስ» አልነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ መቼ ማቆም እንዳለበት ማንንም አልጠየቀም። ሥራው በመጨረሻ የተበተነው እንደሚከተለው ነበር፦

ሀ. በርጩማውን በጠረጴዛው ላይ በቀለም በተሰመረው ክብ ውስጥ ያቆማል።
ለ. መቀመጫውን በእርሳስ ከዳር እስከ ዳር ይጫጭራል።
ሐ. በቀይ ጣውላ ላይ የተጠቀለለውን 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያነሣል።
መ. በእንጨቱ ላይ የሚታየውን መስመር ተከትሎ፣ ወደ ጎን ሳያቋርጥ ይፈትጋል።
ሠ. እርሳሱ ሲጠፋ ያቆማል፤ አቧራውን በጨርቅ ይጠርጋል።
ረ. እንደገና በእርሳስ ይጫጭራል፤ በሰማያዊ ጣውላ ላይ ባለው 120 ቁጥር ይደግማል።
ሰ. መዳፉን በመቀመጫው ላይ፣ ከዚያም በተሰቀለው የናሙና ጣውላ ላይ አሳርፎ ያነጻጽራል።
ሸ. አንድ ከሆኑ በርጩማውን «ያለቀ» ወደሚባለው መደርደሪያ ይወስዳል።

እያንዳንዱ እርምጃ በዓይን የሚታይ ወይም በእጅ የሚዳሰስ መጨረሻ እንዳለው ልብ ይበሉ። ዝርዝሩ በፎቶግራፍ ወይም በእጅ ሥዕል ተሠርቶ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ በሥራው ቦታ ፊት ለፊት ይሰቀል። የእርምጃዎቹ ቁጥር እንደ ሰውየው ይለያያል፤ በአንዱ ላይ ደጋግሞ የሚሰናከል ከሆነ ያንን እርምጃ እንደገና ለሁለት ይክፈሉት።

በሌሎቹ ሙያዎችም ነገሩ ያው ነው። ቡና በእጅ ሲለቀም ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነፍሳት የበሳውን ፍሬ ከጥሩው በቃል ለይቶ ማስረዳት ያደክማል፤ እያንዳንዱን ዓይነት በካርቶን ላይ በማጣበቂያ ለጥፎ ከሠልጣኙ ፊት ማስቀመጥና ቡናውን በአንድ ረድፍ ብቻ ማስጣት ግን ጉዳዩን ይጨርሰዋል። በልብስ ስፌት ደግሞ ከመርፌው በስተቀኝ 1.5 ሳንቲ ሜትር ርቆ ባለ ቀለም ፕላስተር ቢለጠፍ፣ ሠልጣኙ የጨርቁን ጠርዝ ፕላስተሩን አስይዞ ስለሚነዳ መለካት ሳያስፈልገው ቀጥ ያለ ስፌት ያወጣል።

4. በጥቂት ቃል ያስተምሩ

አሜሪካዊው ማርክ ጎልድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መካከለኛና ከባድ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለባቸው የተባሉ ሰዎችን 15 ክፍሎች ያሉት የብስክሌት ፍሬን እንዲገጣጥሙ አሠልጥኖ አሳይቷል። በዚያ ዘመን ብዙዎች እነዚህ ሰዎች እንዲህ ያለ ሥራ ይችላሉ ብለው አያስቡም ነበር። ሥራውን በመበተን፣ በጣም ጥቂት በመናገርና ሠልጣኙ ሲሳሳት የማሳያውን መንገድ በመቀየር ነበር የተሳካለት። ሠልጣኙ ካልተማረ መንገድ መቀየር ያለበት አሠልጣኙ ነው የሚለው አቋሙ ለእኛም ወርክሾፕ ይሠራል።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ከሠልጣኙ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ይቁሙ፤ ፊት ለፊት ከቆሙ የእርስዎ ቀኝ ለእሱ ግራ ይሆንበታል። ሥራውን አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይናገሩ ያሳዩት፤ እጅም አፍም በአንድ ጊዜ ሲሠሩ የትኛውን እንደሚከታተል ይቸገራልና። ከዚያ እሱ ሲሠራ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ በልብዎ እስከ አምስት እየቆጠሩ ይጠብቁት። ካልጀመረ ዕቃውን በጣትዎ ያመልክቱ፤ አሁንም ካልጀመረ አንድ አጭር ቃል ይናገሩ፤ ካልሆነ ያንን እርምጃ ብቻ ደግመው ያሳዩ፤ በመጨረሻም ፈቃዱን ጠይቀው እጁን ይዘው ይምሩት። ሥራው ሹል ወይም አደገኛ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ እጅ ይዞ በመምራት ተጀምሮ እገዛው ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ከመጨረሻው እርምጃ ወደ ኋላ ማስተማርም ብዙ ጊዜ ይረዳል። አሠልጣኙ ከሀ እስከ ሰ ያለውን ሠርቶ ሸን ብቻ ለሠልጣኙ ይተውለት፤ ያንን ሲችል ሰንና ሸን፣ ከዚያም ረን ይጨምርለት። በዚህ መንገድ ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በርጩማውን ጨርሶ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠው እሱ ስለሚሆን፣ ሥራው በእጁ ሲያልቅ ያያል።

ስሕተት ሲመጣ «አይደለም» ብቻ ማለት ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። ያስቁሙት፣ ወደ ቀደመው ትክክለኛ እርምጃ ይመልሱትና ከዚያ ይቀጥል። ሲሳካለትም ማመስገን ያለብዎት «ጎበዝ» በማለት ብቻ አይደለም፤ «መስመሩን ተከትለህ ፈተግህ» ብለው የሠራውን ይጥሩለት።

በጅማ የቋንቋው ነገር የራሱ ትኩረት ይሻል። በቤቱ አፋን ኦሮሞ፣ የምሳ (የየም ሕዝብ ቋንቋ) ወይም ሌላ ቋንቋ እየተናገረ አድጎ በወርክሾፑ በአማርኛ የሚማር ወጣት፣ የመማር ችግር ሲጨመርበት ሸክሙ እጥፍ ይሆናል። ማብራሪያው እሱ በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን፤ የዕቃዎቹ ስም ግን በወርክሾፑ ሁሉ አንድ ብቻ ይሁን። አንዱ አሠልጣኝ «ብርጭቆ ወረቀት»፣ ሌላው «ሸካራ ወረቀት»፣ ሦስተኛው «ማለስለሻ» የሚለው ከሆነ ልጁ አንድን ዕቃ ሦስት አድርጎ ይማረዋል።

5. ንባብንና ቁጥርን ከመንገዱ ላይ ያንሡ

ሜትር ማንበብ የማይችል ሰው ትክክለኛ ርዝመት መቁረጥ ይችላል። ለበርጩማ እግር የሚሆን በትክክል የተቆረጠ የልኬት ዘንግ ያዘጋጁና ጫፉን ቢጫ ይቀቡት፤ ሠልጣኙ ዘንጉን በእንጨቱ ላይ አስተኝቶ ምልክት ያደርጋል፣ በስኳድራ ያሰምራል፣ ይቆርጣል። ማንበብ የሚችሉትም ሠልጣኞች በዚሁ ዘንግ ሲሠሩ ስሕተታቸው እንደሚቀንስ ታያላችሁ። ለቫርኒሽና ለቲነር ድብልቅ በጣሳው ላይ በቀለም ሁለት መስመር ማድረግ ይበቃል። የጽሑፍ ማስታወሻ ግዴታ አይሁን፤ ስልክ ያለው ሠልጣኝ የአሠልጣኙን ማሳያ በቪዲዮ ቀርጾ ማታ ቤቱ መልሶ ማየት ይችላል።

6. ከአደጋ መጠበቅ ላይ አቋራጭ የለም

ሁሉም ነገር ሊቀል ይችላል፤ ይህ ግን አይቀልም። የማሽን መጋዝና የኤሌክትሪክ መላጊያ ያለባቸው ቦታዎች ወለላቸው ላይ ቀይ መስመር ይሰመርና፣ ብቻውን እንዲሠራ ያልተፈቀደለት ሰው መስመሩን እንዳያልፍ ደንብ ይውጣ፤ ደንቡ የሚሠራው ግን ለሁሉም ሠልጣኝ ሲሆን ብቻ ነው። ማሽን እንዴት እንደሚነሣ ከመማሩ በፊት እንዴት እንደሚቆም ይማር፤ ማጥፊያውን በተጠራ ቅጽበት መጫን እስኪችል ድረስ ከዚያ አይለፍ። በሥራ መካከል መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ሊነሣ ስለሚችል፣ «መብራት ሲጠፋ ማጥፊያውን ጫን፣ ሶኬቱን ንቀል» የሚለው ልምምድ ሆን ተብሎ በየሳምንቱ ይደረግ። የዓይን መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ከሥዕላዊ ዝርዝሩ የመጀመሪያ እርምጃ ሆነው ይቀመጡ።

7. መዝገብና ምዘና

በየቀኑ አንድ ወረቀት ላይ እርምጃዎቹን ወደ ታች፣ ቀኖቹን ወደ ጎን ይጻፉና በራሱ ከሠራው ላይ ምልክት ያድርጉ። ለሦስት ተከታታይ ቀናት ሁሉንም ብቻውን ከሠራ ወደ ሌላ ሥራ ይለፍ። በአንድ እርምጃ ላይ ሳምንት ሙሉ ከቆየ ወደ ክፍል 3 ተመልሰው ያንን እርምጃ ይክፈሉት።

የሙያ ብቃት ምዘና የዕውቀትና የተግባር ክፍል አለው፤ ብዙዎች የሚወድቁት በመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ለምዘና ከመመዝገቡ በፊት፣ በምዘናው ዕለት ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ጥያቄው በድምፅ እንዲነበብለት፣ መልሱን በቃል ወይም በማሳየት እንዲሰጥ፣ ተጨማሪ ጊዜም እንዲፈቀድለት ለምዘና ማዕከሉ በጽሑፍ ያመልክቱ። የሚጠየቀው ለውጥ በአመላለሱ ላይ እንጂ በሥራው ጥራት ላይ አለመሆኑን በግልጽ ይጻፉ፤ የሚነቃነቅ በርጩማ ለማንም ሲባል «ብቁ» አይባልም። ሙሉ ደረጃውን የማያጠናቅቅ ሠልጣኝ ቢሆንም ያለ ወረቀት አይሂድ፤ ብቻውን የሚሠራቸው ሥራዎች አንድ በአንድ የተዘረዘሩበት፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይሰጠው።

8. ወደ ሥራ ሲገባ

አሠሪውን ሲያነጋግሩ ልመና አያቅርቡ። ሠልጣኙ የሠራውን በርጩማ ይዘው ይሂዱ። በሕግ በኩልም መሠረት አለ፦ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የተመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ የአእምሮ ጉዳትንም የሚያካትት ሲሆን አንቀጽ 24 ስለ ትምህርትና ሙያ ሥልጠና፣ አንቀጽ 27 ስለ ሥራ ይደነግጋል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አሠሪው ምቹ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች ኃላፊነት ይሰጠዋል። አሠሪዎች ይህን ሲሰሙ ብዙ ወጪ ይታያቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቁት ግን የልኬት ዘንግ፣ አንድ የሥዕል ዝርዝርና ትእዛዝ የሚሰጥ አንድ የታወቀ ሰው ነው። ሦስት ሰው ሦስት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት ቤት ለማንም ይከብዳል፤ ለዚህ ወጣት ግን ሥራውን የሚያሳጣው ይሆናል።

ደመወዙ ለራሱ ይሰጥ። ገንዘቡ ለአጎት ወይም ለጎረቤት ተሰጥቶ ልጁ የሠራበትን ሳያይ ወራት ያለፉበት ሁኔታ ገጥሞኛል፤ ያ ልጅ በመጨረሻ ሥራውን ተወው፣ ማንም ግን ለምን እንደተወው አልጠየቀውም። ብር መቁጠር የሚከብደው ከሆነ የባጃጅ ሂሳብ በአንድ ኪስ፣ የምሳ በሌላ ኪስ፣ የቀረው በፖስታ ተለይቶ ይያዝለትና በራሱ እጅ ይቀመጥ።

መንገዱም ሥልጠና ይፈልጋል። ከቤት እስከ ሥራ ቦታ ቢያንስ አንድ ሳምንት አብሮት የሚሄድ ሰው ይመደብ፤ ከዚያም ሰውየው ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ እየቀረ ይከተለው። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ በሚቆምበት ዕለት ባጃጁ የለመደውን መንገድ ትቶ ስለሚዞር ልምምዱ ሐሙስንም ይጨምር።

በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ በሚቀጥለው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ሥራ ቦታው ድረስ ሄደው ይዩት፤ አለቃ ሲለወጥ፣ አዲስ ማሽን ሲገባና ወቅት ሲቀየር ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። በተለይ ሰኔ ሲገባ የጅማ ዝናብ ቫርኒሹን ስለሚያዘገየው፣ በበጋ «ጠዋት ቀባ፣ ከምሳ በኋላ ደርድር» ብሎ የተማረ ወጣት እርጥቡን በርጩማ በላይ በላይ ይደረድረዋል። ለክረምቱ ያንን አንድ እርምጃ ይቀይሩለት፦ ከመደርደሩ በፊት ከመቀመጫው ሥር በማይታየው ቦታ ላይ ጣቱን ያሳርፍ፤ ጣቱ ከተጣበቀ በርጩማው ባለበት ይደር፣ ካልተጣበቀ ይደርድር።